በጥር የሚከፈት፣ በክረምት የሚጠብ ስንጥቅ፦ ጥቁር አፈር ላይ ክፍል መቀጠል

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ወደ ዘንዘልማ መውጫ አካባቢ ነው የምኖረው። የግቢዬ አፈር ጥቁር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሠራሁት ባለ አራት ክፍል ብሎኬት ቤት አለኝ፤ እስካሁን ብዙም አላስቸገረኝም። አምና በሚያዝያ ከጎኑ 4 በ4 የሆኑ ሁለት ክፍሎች ቀጠልኩ። መሠረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ በድንጋይ ተገነባ፤ ውስጡን በቀይ አሽ ሞላነው። እንዳይለያይ ተብሎም አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው ጋር በየሦስት ረድፉ በ8 ቁጥር ፌሮ ታሰረ። በታኅሣሥ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን መስመር ታየ፤ ጥር ላይ ከላይ በኩል ጣት የሚያስገባ ሆነ፣ ወደ ታች ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳል። አሁን ክረምቱ ሲገባ ጠበበ፤ በምትኩ የወለሉ መሃል ተነፋ፣ በሩም አልዘጋ አለ። ከጥጉ 5 ሜትር ላይ ትልልቅ ባሕር ዛፎች፣ 2 ሜትር ላይ ደግሞ የሻወር ውሃ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። አንዱ ግንበኛ ሽቦ መትተን እንለስነው ይላል፣ ሌላው ኮለን ይጨመርበት ይላል። የኔ ሐሳብ በላዩ ፎቅ መጨመር ነበር። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦ አይለስኑት፣ ኮለን አይጨምሩበት፣ ፎቁንም በዚህ መሠረት ላይ አያስቡት። ሁለቱም ግንበኞች የሚነግሩዎት ስለ ግድግዳው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ከግድግዳው በታች ያለው መሬት ነው። ይህንን የሚያሳየው ደግሞ እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነው፦ ስንጥቁ በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይጠብባል። በሲሚንቶ ጉድለት ወይም በግንበኛ ስንፍና የመጣ ስንጥቅ ወቅት አይጠብቅም፤ አንዴ ይሰነጠቅና ባለበት ይቀራል። ከላይ ሰፍቶ ከታች መጥበቡም ትርጉም አለው። የአዲሱ ክፍል ውጨኛ ጫፍ፣ ማለትም ከአሮጌው ቤት የራቀው ጥግ፣ ወደ ታች እየሰመጠ ነው። ጫፉ ሲወርድ ግድግዳው ሁሉ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው አናቱ ላይ ይከፈታል።

ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በፎገራ ሜዳ ለሩዝ የተመቸው ውሃ የመያዝ ጠባዩ ለቤት ጠላት ነው። በባሕር ዳር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ደረቅ ወራት ይመጣሉ። በመጋቢት እርሻ ውስጥ የሚታየው እጅ የሚያስገባ የመሬት ስንጥቅ ከቤትዎ ጥግ በታችም አለ፤ ልዩነቱ አለመታየቱ ብቻ ነው። ይህ በየዓመቱ የሚነፋና የሚኮማተር የአፈር ንብርብር ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሜትር በላይ ወደ ታች ይዘልቃል፤ አጠገቡ ትልቅ ዛፍ ካለ ደግሞ ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። 60 ሳንቲ ሜትር ላይ የቆመ መሠረት የተቀመጠው እንቅስቃሴው በጣም በሚበረታበት ቦታ ነው።

«ቤቱ ከከበደ መሬቱን ይጫነዋል» የሚለውን በቁጥር እንየው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሁለት በኩል የተለሰነ ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት 1 ቶን ገደማ ይመዝናል። ቆርቆሮውንና የድንጋይ መሠረቱን ጨምረን በ50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ብናሳርፈው ወደ መሬት የሚወርደው ጫና በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ቶን ይሆናል። ዋልካ አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲነፋ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ግን በካሬ ከ10 ቶን ማለፉ የተለመደ ነው፣ 20 እና 30 ቶንም ይደርሳል። ስለዚህ ምድር ቤት ብቻ የሆነ ቤት ለዚህ አፈር ቀላል ነው፤ ያነሳዋል። ፎቅ ሲጨመርበት ደግሞ መነፋቱን ሳያስቆም በበጋው መስመጡን ያባብሰዋል።

አሮጌው ቤት ለምን ደህና ሆነ? ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ቤት ከቆመ በኋላ ከሥሩ ያለው አፈር ፀሐይም ዝናብም በቀጥታ ስለማያገኘው ከጥቂት ዓመት በኋላ እርጥበቱ ይረጋል፤ የሚንቀሳቀሰው ዙሪያው ብቻ ነው። አዲሱ ክፍል ግን የተቆፈረው በሚያዝያ፣ አፈሩ ደርቆና ተሰነጣጥቆ በጣም በተኮማተረበት ጊዜ ነው። ግንባታው እንዳለቀ ክረምቱ መጣ፤ ያ ደረቅ አፈር ውሃውን ጠጥቶ ተነፋና ክፍሉን አነሳው። በበጋው መልሶ ጣለው። አሮጌው ባለበት ሲቆም አዲሱ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያሰራችሁት ፌሮ ደግሞ እንቅስቃሴውን ከመከልከል ይልቅ ወደ አሮጌው ግድግዳ አሻገረው። ባለ 8 ቁጥር ፌሮ ብሎኬት ይቀድዳል እንጂ መሬት አይይዝም። መጋጠሚያው አጠገብ ባለው የአሮጌው ቤት መስኮት ጥጎች ላይ በሰያፍ ሽቅብ የሚሄድ ቀጭን መስመር ካለ ይመልከቱ፤ ካለ ጉዳቱ መሻገር ጀምሯል።

ቀይ አሹ ሌላው ጥፋት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚሠራው ቆም ብዬ ላስረዳ። «ጥቁሩን አውጥተን በሌላ እንሙላው» የሚለው ሐሳብ ልክ ነው፤ የተሞላው ነገር ግን ልክ አይደለም። ቀይ አሽ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ውሃ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ በሚያሳልፍ ነገር መሙላት ማለት ከወለሉ ሥር ገንዳ መሥራት ነው። ከጣሪያ የወረደው ዝናብና የሻወሩ ውሃ እየሰረጉ እዚያ ይጠራቀማሉ፤ መውጫ የላቸውም፤ ከሥር ያለው ጥቁር አፈር ቀስ እያለ ይጠጣቸዋል። የወለልዎ መሃል የተነፋው በዚህ ነው። ለመሙያ የሚያስፈልገው የማይነፋ ሆኖ ሲጠቀጠቅ ውሃ የማያስገባ ገረጋንቲ ነው፤ እሱም በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ እርጥበቱ ተስተካክሎ በማሽን እየተጠቀጠቀ፣ ከመሠረቱ ውጭም ቢያንስ 1 ሜትር አልፎ የሚሞላ። በገልባጭ አፍስሶ በአካፋ ማስተካከል መጠቅጠቅ አይባልም።

ባሕር ዛፎቹን በተመለከተ፣ 5 ሜትር በጣም ቅርብ ነው። ዛፉ 12 ሜትር ቁመት ካለው ቢያንስ 12 ሜትር ሊርቅ ይገባል፤ ለባሕር ዛፍ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ውጨኛው ጥግ ከሌላው በላይ የሚሰምጠው ሥሩ በበጋ ከዚያ በኩል ያለውን አፈር ስለሚመጥጠው ነው። ይሁን እንጂ ነገ ተነስተው ሁሉንም አይቁረጧቸው ብዬ አስጠነቅቃለሁ። ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ ለዓመታት ያደረቀው አፈር ውሃውን መልሶ ያገኛል፣ ሲያገኝም ይነፋል፤ እንደ አፈሩና እንደ ዛፉ ዕድሜ ይህ ከሁለት ክረምት በላይ ሊቆይ ይችላል። መቁረጡ ትክክል ነው፤ የቅርቦቹን ዘንድሮ፣ የቀሩትን በሚቀጥለው ዓመት ያድርጉት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ምንም የማጠናቀቂያ ሥራ አይሥሩ። ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ መከታተልም አይርሱ፤ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ የሚሞት ዛፍ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያልኩት አፈሩ የሚነፋ ነው ብዬ ስለሆነ፣ አረጋግጡት። ከላይ ሳይሆን ከ1 ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥተው በደንብ ያድርቁ፣ ይውቀጡት፣ በዱቄት ወንፊት ይንፉት። ሳይጫኑት 10 ሚሊ ሊትር ለክተው 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ለ24 ሰዓት ሳይነኩት ያቆዩት። የረጋው አፈር ከ15 መስመር በታች ከቆመ ችግሩ ቀላል ነው። 20 ከደረሰ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተራ መሠረት የማይችለው አፈር ላይ ነዎት። ይህ ፍንጭ እንጂ ዲዛይን አይደለም። ለአዲስ ግንባታ የሚቆፈር ከሆነ ናሙናው በአፈር ላቦራቶሪ መታየት አለበት፤ ወጪው አንድ ኮለን አፍርሶ ከመሥራት ያንሳል።

ስንጥቁንም ይለኩት። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምስማር ይምቱ፣ አንዱን ጥንድ ከላይ፣ አንዱን ከመሃል፣ አንዱን ከታች፤ በወር አንድ ቀን በምስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ጽፈው ቀኑን ያስቀምጡ። በስንጥቁ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጂፕሰም ለጥፎ ቀን መጻፍም ይሆናል፤ መንቀሳቀሱን ይነግራል፣ ስንት እንደተንቀሳቀሰ ግን አይነግርም። እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በጥገና የሚያልፍ ነው። ከ5 እስከ 15 ሲሆን በርና መስኮት መጣበቅ ይጀምራል፤ እርስዎ ቢያንስ እዚህ ነዎት። ከ25 ካለፈ፣ ወይም ቱምቢ ሲጣል ግድግዳው በግልጽ ያዘነበለ ከሆነ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አይደር።

አሁን በነሐሴ የሚሠራው የውሃ ሥራ ነው፤ ከሁሉም ርካሹና ብዙ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ይግጠሙለት፤ ወራጁ ቱቦ ከግድግዳው ሥር ሳይሆን ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ወደ ቦይ ይፍሰስ። የሻወሩን ጉድጓድ ይዝጉት። ጥቁር አፈር ውሃ ስለማያሰርግ ያ ጉድጓድ ውሃውን «እየዋጠ» ሳይሆን ወደ መሠረትዎ እየላከ ነው፤ በቱቦ ወደ ራቀ ቦታ ወይም ወደ ታሸገ ማጠራቀሚያ ይውሰዱት። ክረምቱ ሲወጣ በቤቱ ዙሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የአርማታ ንጣፍ ይሥሩ፤ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፣ በየ1 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። ንጣፉ ከግድግዳው ጋር አይያያዝ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተው በሬንጅ ይሙሉት፤ ካያያዙት ሲነፋ ግድግዳውን ይዞ ይነሳል። ከግድግዳው ሥር አበባና ጎመን እየተከሉ ውሃ ማጠጣት ካለም ይቁም። አንዱን ጥግ ብቻ ማርጠብ ሁሉንም ከማርጠብ ይከፋል።

ቀጥሎ ሁለቱን ቤቶች መለየት ነው። ይህ ባለቤቶችን ያስደነግጣል፤ ግን ቤቱ ራሱ ለመለያየት እየታገለ ነው፣ እርስዎ በሥርዓት ይለዩት። በኅዳር፣ መሬቱ ያልረሰረሰም ያልደረቀም በሚሆንበት ጊዜ፣ መጋጠሚያውን ከወለል እስከ ጣሪያ በግራይንደር ይቁረጡ፤ ፌሮዎቹን አንድ በአንድ ይበጥሱ፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በግድግዳው ውፍረት ሁሉ ይተው። ልስኑም፣ የወለሉ ሴራሚክም፣ ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳውን ከአናቱ የሚያስር አግድም አርማታ) ካለ እሱም መለየት አለበት። በግድግዳ ላይ ለይቶ በቢም ማያያዝ ምንም እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ አንዷ የተረሳች ፌሮ ስንጥቁን ወደ ሌላ ቦታ ትወስደዋለች። በመጀመሪያ ግን የአዲሱ ክፍል ጣሪያ በአሮጌው ግድግዳ ላይ አርፎ እንደሆነ ይዩ። ካረፈ ሙራሌዎቹ በአዲሱ በኩል የራሳቸው ድጋፍ ሳይሠራላቸው አይቆረጡም። ክፍተቱን በሚጨመቅ ፎም ይሙሉ፤ በሲሚንቶ እንዳይሞላ ሠራተኛውን አጠገቡ ቆመው ይጠብቁት፣ ክፍት ነገር ያየ ግንበኛ እጁ አይታገሥም። በውጭ በኩል የታጠፈ ቆርቆሮ በአንድ ጎን ብቻ በብሎን ይታሰርና ሌላው ጎን እንዲንሸራተት ይለቀቅ። ጣሪያውም እንዲሁ፦ የአንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ይደረብ፣ አይቸንከር። መጋጠሚያውን የሚያቋርጥ የውሃ ቱቦ ካለ በሚተጣጠፍ ጎማ ይቀየር፤ ተሰብሮ ሳይታወቅ የሚያፈስ ቱቦ የጀመሩትን ሁሉ ያበላሻል።

በሩን አሁን አያስላጉት፤ በጥር ክፍተቱ ያስቆጭዎታል። ወለሉ ግን የሚድን አይመስለኝም። ውሃው ሲቆም መነፋቱ ይቀንሳል እንጂ ወደ ቀድሞው ልክ አይመለስም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መሬቱ መርጋቱን ልኬቱ ሲያሳይ ሰብረው፣ ቀይ አሹን አውጥተው፣ በገረጋንቲ ሞልተው ይሥሩት። ወለሉ በዙሪያው ከግድግዳው በ1 ሳንቲ ሜትር ይለይ፤ የክፍልፋይ ግድግዳ ደግሞ በወለል ላይ አይቁም።

ሌላ አማራጭ የለም ወይ ለሚለው፣ አለ። መሠረቱን ከሥር እየቆፈሩ በአርማታ ወደ ታች ማስረዘም ይቻላል፦ አንድ አንድ ሜትር እየተቆፈረ፣ ጎን ለጎን ያሉት በአንድ ጊዜ ሳይከፈቱ፣ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ድረስ። በአርማታ ለተሠራ መሠረት ያስኬዳል፤ ለእርስዎ የድንጋይ ግንብ ግን አልመክረውም። ድንጋዩ ከሥሩ ድጋፍ ሲያጣ ይፈታል፣ ቆፋሪው ላይ ሊወርድም ይችላል፤ ለ32 ካሬ ሜትር ክፍል ወጪው አፍርሶ ከመሥራት ብዙም አይለይም። ሁለት ሙሉ ዓመት ውሃውን ተቆጣጥረው፣ መጋጠሚያውን ለይተው፣ አሁንም በራሱ በአዲሱ ክፍል ግድግዳዎች ላይ በየበጋው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሚከፈት ስንጥቅ ካለ፣ ያኔ ማፍረስ ነው የሚያዋጣው።

ፎቁን የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚቆም የኮለንና የቢም አጽም ይሠራለት፤ ከነባሩ ቤት ጋር በምንም አይነካካ። አሁን ያለው ግድግዳ ሸክም እንዲሸከም አልተሠራም፣ በገበያ የሚገኘው ብሎኬት አብዛኛው ለክፍልፋይ እንጂ ለፎቅ የሚሆን አይደለም። የፉቲንግ ፓዱ (ኮለኑ ከሥር የሚያርፍበት የአርማታ መደብ) ጥልቀት በናሙናው ውጤት ይወሰናል፤ በዋልካ ላይ ከ2 ሜትር በታች ሲወርድ ማየት አያስገርምም፣ ድንጋይ ወይም ጠንካራ አፈር ቶሎ ከተገኘ ደግሞ ያንሳል። ባሕር ዳር ላይ ጥቁሩ አፈር ከሥሩ ባለ ጥቁር እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይገኛል፤ አንዱ ጉድጓድ ድንጋይ፣ ሌላው ሸክላ ላይ ከወጣ ግን ለኢንጂነሩ ሳይነግሩ አርማታ አያፍስሱ። ግማሹ በድንጋይ፣ ግማሹ በሸክላ የቆመ ቤት ሁለቱም በሸክላ ከቆሙት ይብስበታል።

ከግሬድ ቢሙ (ኮለኖቹን ከመሬት አጠገብ የሚያገናኘው አግድም አርማታ) ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መተው ግዴታ ነው፤ ሰዎች በብዛት የሚዘሉት ይህንን ነው። ፓዱ ጥልቅ ቢሆንም ቢሙ በቀጥታ መሬት ላይ ከተኛ አፈሩ ሲነፋ ቢሙን ከመሃሉ ይሰብረዋል። የሥሩን ጣውላ ከአርማታው መጠንከር በኋላ አውጥተው፣ ጎኑን አፈር እንዳይገባበት በስስ የአርማታ ሳህን ይዝጉት። የምድር ወለሉም በቢሞቹ ላይ የተንጠለጠለ ስላብ ቢሆን ነው የሚያስተማምነው። አርማታውን በእጅ የሚያቦኩ ከሆነ ለግማሽ ኩንታል፣ ማለትም ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ፣ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን 2 አሸዋና 3 ጠጠር ይለኩ፤ ሠራተኛው ውሃ አብዝቶ እንደ ሾርባ አያቅጥነው፤ ወፈር ብሎ ለማቡካት ቢከብድም ልኩ እሱ ነው። በፒፒሲ (ፖዞላና በተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ከተሠራ ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን በጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ።

መሠረት የሚቆፈርበት ወቅትም ይታሰብበት። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ጥሩ ነው፤ ቆፍረው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የታችኛውን ስስ አርማታ ያፍስሱ፣ ጉድጓዱን ለፀሐይ ክፍት አድርገው ሳምንታት አያቆዩ። የከርሰ ምድር ውሃ የት እንደሆነ ለማወቅ ግን የበጋ ጉድጓድ ያታልላል። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከዳርቻው አጠገብ ያለ የጉድጓድ ውሃም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ቦታዎ ከሐይቁ የራቀ ስለሆነ ይህ ብዙም አያሳስብዎትም፤ ወደ ሐይቁ የቀረቡ ሌሎች አንባቢዎች ግን የሙከራ ጉድጓዳቸውን በመስከረም ቢያዩት ይሻላል። ለፎቅ ደግሞ የክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና በኢንጂነር የተፈረመ የስትራክቸር ፕላን ያስፈልጋል፤ ለመቀጠል የወሰዱት ፈቃድ ፎቅን አይሸፍንም።

ስለዚህ ዘንድሮ አሸንዳውና የሻወሩ ጉድጓድ፣ በኅዳር ንጣፉና መጋጠሚያውን መለየት፣ በየወሩ ልኬት። ልስኑን ከመጪው ኅዳር ቀጥሎ ከሚመጣው ኅዳር በፊት አያድርጉት፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት ተለክቶ ይለፍ፣ ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላም መሬቱ መርጋቱን ልኬቱ ያሳይ፤ እስከዚያ ስንጥቁ ይታይ፣ ዝናብ እንዳይገባበት ብቻ በላስቲክ ይሸፈን።